አድማጭ በሰው በኩል ነው የሚመጣው፦ ከጅማ የፖድካስት ማሳደጊያ መመሪያ

ባለፈው ክረምት ከፈረንጅ አራዳ ወደ ሂርማታ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ከመሪው ጎን ትንሽ ስፒከር ሰቅሏል። ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ የእኛ ፖድካስት ነበር። ስለ ታጠበ ቡና የሠራነው ክፍል። ሾፌሩን አላውቀውም፤ እሱም አያውቀኝም። «ይሄን ከየት አገኘኸው?» አልኩት።

«የአክስቴ ልጅ ነው ከአጋሮ የላከልኝ። ይሄ የሚያወራው ሰውዬ ከእሱ ጋር ነው የሚሠራው» አለና በአገጩ ወደ ስፒከሩ አሳየኝ።

እንግዳችን ለሥራ ባልደረባው ላከው፣ ባልደረባው ለአክስቱ ልጅ፣ እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ለሚሳፈረው ሁሉ አሰማ። ከዚያ በፊት ለማስታወቂያ ከፍለን ነበር። ቁጥር ጨምሯል፤ የመጣው ሰው ግን አብዛኛው ሁለተኛ ክፍል ሳይሰማ ሄዷል። ባጃጁ ውስጥ የሰማሁት ሰው ግን የሚያምነው ዘመዱ ስለላከለት ነበር የሚያዳምጠው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጊዜያችንን ያዋልነው እንዲህ ያለውን መንገድ በማበጀት ላይ ነው። እንዴት እንዳደረግነው በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንደኛ፦ ሰው ከመጋበዛችሁ በፊት ቤቱን አዘጋጁ

ማንም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ቢያንስ 5 ክፍል አውጡ። በሰው ጥቆማ የመጣ አድማጭ አንዱን ሰምቶ ከወደደው ወዲያው ሌላ ይፈልጋል። ካጣ ይሄዳል፤ ተመልሶ መምጣቱም ያጠራጥራል። የምትለቁበት ቀንም የታወቀ ይሁን። እኛ ሐሙስ ነው የምንለቀው። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ እዚህ አገር ማንም አይረሳውም።

ፖድካስታችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ልመዱ። «ስለ ሕይወት የምናወራበት ነው» ብትሉ ማንንም አይዝም። እኛ «የጅማና የአካባቢዋ ሰዎች እንጀራቸውን እንዴት እንደሚያገኙ ራሳቸው የሚናገሩበት ነው» እንላለን። ሰምቶ ለሌላ ሰው መልሶ መናገር የሚችል ሰው ከተገኘ ዓረፍተ ነገሩ ሠርቷል ማለት ነው። እናታችሁ ላይ ሞክሩት።

ድምፁ ንጹሕ ይሁን። ጅማ ዝናብ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማይክ መክፈት ትርፉ ድካም ነው። እኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንቀዳለን። በሩና መስኮቱ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ እንሰቅላለን። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይርቃል። ከዚህ በላይ ስቱዲዮ ለመጀመር አያስፈልግም።

የፋይሉን ክብደት ብዙዎች ይረሱታል። ንግግር ብቻ ከሆነ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር)፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ኤምፒ3 አውጡት። እንዲህ ሲሆን 40 ደቂቃ ያለው ክፍል 19 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በ128 ኪሎቢት ካወጣችሁት እጥፍ ነው። ሰው የሚያወርደው በገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ነው። ዘመዱ የላከለት ፋይል ጥቅሉን የሚበላበት ከሆነ ሳይከፍተው ያልፈዋል።

ስፖቲፋይ፣ አፕል ፖድካስትና ዩቲዩብ ላይ ይኑራችሁ። ዋናው መቀባበያ ግን ቴሌግራም ነው። ቻናል ክፈቱ፤ ሙሉውን ድምፅ እዚያ ልቀቁ። ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው በአንድ ንክኪ መሄድ የሚችል ነገር ያስፈልጋችኋል።

ሁለተኛ፦ የሰዎቹን ዝርዝር ጻፉ

ደብተር ግዙ። ስልክ ላይም ይቻላል፤ ለእኔ ደብተር ይሻለኛል። ሦስት ዓይነት ሰዎችን ለዩ።

የመጀመሪያዎቹ ዕውቀትና ታሪክ ያላቸው ናቸው፤ እነዚህ እንግዶቻችሁ ይሆናሉ። ሁለተኞቹ አስቀድሞ የሚሰማቸው ሰው ያላቸው ናቸው። ሌሎች ፖድካስተሮች፣ የሬዲዮ ጋዜጠኞች፣ ትልልቅ የቴሌግራም ግሩፕ የሚመሩ፣ የተማሪ ክበብ ሰብሳቢዎች እዚህ ይገባሉ። ሦስተኞቹ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ያላቸው ናቸው። ቡና ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ ባጃጅ ተራ፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ፊልም የሚጭኑ ቤቶች።

ጅማ ላይ ይህን ዝርዝር መሙላት አይከብድም። ስለ ቡና የምትሠሩ ከሆነ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል አጠገባችሁ ነው። የቡና መገኛ ናት የምትባለው ጮጬ ጎማ ወረዳ ውስጥ ናት። ስለ ታሪክ ከሆነ ጅሬን ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ፤ እዚያ ጎብኚ የሚያስጎበኙ ሰዎች በቀን ብዙ ሰው ያናግራሉ። ስለ እግር ኳስ ከሆነ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ የነበረውን ሁኔታ ዛሬም እንደ ትናንት የሚተርኩ ደጋፊዎች አሉ።

ዝርዝሩ ላይ 30 ሰው ከጻፋችሁ በኋላ 6ቱን ብቻ ምረጡ። ለሦስት ወር ይበቋችኋል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልያዝ ያለ ሰው ማንንም አይዝም። መምረጫው ቀላል ነው፦ የእሱ ሰዎች የእኔን ሥራ ቢሰሙ ይጠቀሙበታል ወይ? መልሱ «እንጃ» ከሆነ ለጊዜው እለፉት። የሰውየው ስምም ይታይ። አብራችሁት የቀረባችሁት ሰው ስሙ ከስማችሁ ጋር ይያያዛል። በሰው ገንዘብ የሚታማ ወይም ሰው የሚሰድብ ከሆነ፣ መቶ ሺህ ተከታይ ቢኖረውም ይቅርባችሁ።

ሦስተኛ፦ ከመጠየቃችሁ በፊት ስጡ

እድር ውስጥ የሚከበረው የሰው ሐዘን ላይ ቀድሞ የተገኘ ነው። የራሱ ችግር ቀን ብቻ ብቅ የሚል ሰው ይታወቃል። ትብብርም እንደዚያው ነው።

የመረጣችኋቸውን ሰዎች ሥራ ለአንድ ወር በደንብ ስሙ። ስትወዱት ምኑን እንደወደዳችሁ ጻፉላቸው። «በጣም አሪፍ» አይበቃም። «18ኛው ደቂቃ ላይ ያልሽው ነገር እኛም ሰፈር አለ» ሲባል ሰውየው መሰማቱን ያውቃል። ሥራቸውን ለአድማጮቻችሁ ላኩ። የሚፈልጉትን ሰው የምታውቁ ከሆነ አገናኙአቸው። አንዲት አዲስ አበባ ያለች አዘጋጅ ከጅማ ማር ነጋዴ ስትፈልግ አይተን ሁለት ስልክ ቁጥር ሰጠናት። ነጋዴዎቹን አስቀድመን አስፈቅደን ነበር፤ ይህን አትርሱ። በምላሹ ምንም አልጠየቅናትም። ከሁለት ወር በኋላ እሷው ደወለችልን።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። አዎ፣ ይወስዳል።

አራተኛ፦ የመጀመሪያው ሰላምታ

ለእኩያችሁ፣ ለሌላ ፖድካስተር፣ በቴሌግራም መጻፍ ይበቃል። እኛ የምንጽፈው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦

«ሰላም፣ እንዴት ነሽ? ጅማ ሆነን ስለ ሥራና ስለ ሠራተኛ ፖድካስት የምናዘጋጅ ነን። ስለ ሴት ሹፌሮች የሠራሽውን ክፍል ሁለቴ ሰማሁት። እናትየዋ መንጃ ፈቃዷን ለልጇ ያሳየችበት ቦታ ላይ አቁሜ መልሼ ነው የሰማሁት። ባለፈው ሳምንት ለአድማጮቻችን ልከንላቸዋል። አንድ ሐሳብ ነበረኝ፦ በሚቀጥለው ሐሙስ ክፍላችን ላይ ያንቺን ፖድካስት በ30 ሰከንድ እናስተዋውቅ፤ ደስ ካለሽ አንቺም የእኛን ታስተዋውቂያለሽ። ባይመችሽም ችግር የለውም። ለ5 ደቂቃ ለመነጋገር የትኛው ቀን ይሻልሻል?»

መልእክቱ ውስጥ ያለውን እዩ። ሥራዋ እንደተሰማ ይናገራል። አስቀድሞ የተሰጣት ነገር አለ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው። ቀን አለው። እምቢ ለማለትም በሩ ክፍት ነው።

መጀመሪያ አካባቢ እንዲህ አልነበርንም። አንድ መልእክት ጽፌ ለ20 ሰው ገልብጬ ላክሁ። ከእነዚህ በአንዱ ላይ የሌላ ሰው ስም ሳይቀየር ቀርቷል። ሰውየው «ይህ ስም የእኔ አይደለም» ብቻ ብሎ መለሰልኝ። ብዙ የማከብረው ሰው ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ተቀብሎኛልም። ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ስድስት ሰው ብቻ ምረጡ ያልኩት ለዚህም ነው። ለስድስት ሰው በእጅ መጻፍ ይቻላል።

ለትልቅ ሰው ግን ቴሌግራም አይላክም። እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ፈልጉና በእሱ አማካይነት ሂዱ። የመጀመሪያ ቀን ማይክ ይዛችሁ አትሂዱ። ቤታቸው ከሆነ ቡና መፈላቱ አይቀርም። ቡናው ሳይቀዳ ጉዳይ አታንሡ። እኛ አቦሉን ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆች እያወራን እንጠጣለን። ቶናው ላይ ነው «አባባ፣ አንድ ነገር ልናስቸግርዎ ነበር» የምንለው። በረካ ላይ ብዙ ጊዜ ቀኑ ተቆርጦ ያልቃል። ኦሮምኛ የሚቀናቸው ከሆነ ቢያንስ ሰላምታውን በኦሮምኛ ስጡ። «አካም ጅርቱ» ብሎ የገባና ዝም ብሎ የገባ ሰው እኩል አይታዩም።

አምስተኛ፦ እንግዳችሁ ትልቁ አጋራችሁ ነው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ፖድካስተር እንግዳውን አስቀድቶ፣ አመስግኖ፣ ሸኝቶ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ለእኔ ግማሹ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

የጅማ በርጩማ የሚሠሩ አንድ አባት ጋብዘን ነበር። በርጩማው ሦስት እግር አለው፤ የሚሠራውም ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው፤ ሚስማርም ማጣበቂያም የለውም። እሳቸው ቤት ሁለቴ ሄድን። በመጀመሪያው ቀን ያየነው እጃቸውን ነው። መጥረቢያውን አጠር አድርገው ይይዙታል፣ እንጨቱን በእግራቸው ጣቶች ያጣብቁታል፣ ፍቅፋቂው ጉልበታቸው ላይ ይከመራል። በየመሐሉ በርጩማውን ገልብጠው መቀመጫውን በጥፍራቸው ያንኳኩታል፤ ድምፁን ነው የሚሰሙት። ያንን ማንኳኳት የክፍሉ መክፈቻ አደረግነው። በሁለተኛው ቀን ነው የቀዳነው።

ከመቅዳታችን በፊት ሁለት ነገር ጠየቅናቸው። «እንዲወጣ የማይፈልጉት ነገር አለ?» እና «ሰው እንዲያውቅልዎ የሚፈልጉት አንድ ነገር ምንድን ነው?» ለሁለተኛው የመለሱት ክፍሉን ሁሉ ተሸከመው። ስትቆርጡና ስትቀጥሉ የሰውን ሐሳብ እንዳታዛቡ ተጠንቀቁ። የተቀዳው የእናንተ ቢሆንም ቃሉ የእሳቸው ነው።

ክፍሉ ሲወጣ «ሼር ያድርጉልን» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ለእንግዳው የሚላክ ጥቅል አዘጋጁ። አንድ፣ የ1 ደቂቃ ቁራጭ፣ በጣም ጥሩውን የተናገሩበት። ሁለት፣ ራሳቸው የወደዱት አንድ ፎቶ። ሦስት፣ ለቤተሰብ ግሩፕ ገልብጠው የሚልኩት ሁለት መስመር ጽሑፍ። አራት፣ ሙሉው ፋይል። ይህን ሁሉ በወጣ በመጀመሪያው ሰዓት ላኩ። ሰው ደስታው ትኩስ ሳለ ነው የሚያካፍለው።

እኚህ አባት ስማርት ስልክ የላቸውም። ፋይሉን በሚሞሪ አድርገን ለልጃቸው ሰጠነው። ልጁ መሥሪያው ውስጥ ከፈተላቸው። እሳቸው መጥረቢያውን አስቀምጠው ቆመው ሰሙት። ጎረቤት መጣ፣ ደንበኛ መጣ። በዚያ ሳምንት ከእሳቸው ሰፈር ወደ ቻናላችን የገባው ሰው ብዙዎቹን ክፍሎቻችንን ሰምቶ ነው የቆየው። በመጨረሻም አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ «ቀጥሎ ማንን ብናናግር ይሻላል?» አንድ ስም አይጠፋም። በዚያ ስም ስትሄዱ «እሳቸው ናቸው የላኩን» ትላላችሁ። በር ይከፈታል።

ስድስተኛ፦ ከሌሎች ፖድካስቶች ጋር መለዋወጥ

የልውውጡ ዓይነት ብዙ ነው። ቀላሉ በየክፍላችሁ አንዱ ሌላውን ማስተዋወቅ ነው። ከፍ ሲል አንዱ ለሌላው እንግዳ ይሆናል። ከዚያም ከፍ ሲል አንድ ሙሉ ክፍላቸውን በእናንተ ቻናል ትለቃላችሁ፣ እነሱም የእናንተን። አንድ ላይ የሚሠራ ክፍልም አለ፤ ጥሩ የሚሆነው ግን ከተለማመዳችሁ በኋላ ነው።

አጋር ስትመርጡ ርእሱ የግድ አንድ ዓይነት አይሁን። አድማጩ ይቀራረብ። ስለ ንግድ ጅማሬ የሚያወራ ፖድካስትና እኛ ርእሳችን ይለያያል፤ ሁለታችንንም የሚሰማው ግን ሥራ ፈላጊ ወጣት ነው። መጠናችሁም ብዙ አይራራቅ። 300 አድማጭ ያለው ከ500 ጋር ቢለዋወጥ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ማስተዋወቂያውን በራሳችሁ ድምፅ አንብቡ። የእነሱን የተቀዳ ማስታወቂያ መክተት እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ይታለፋል። ክፍሉ መጨረሻ ላይ አታድርጉት፤ እዚያ የሚደርሰው ሰው ጥቂት ነው። ከመግቢያው ቀጥሎ ወይም መሐል ላይ ይሁን። ለምሳሌ፦

«ወደ ወሬያችን ሳንገባ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። አዲስ አበባ ያሉ ሁለት እህትማማቾች ያላቸው ፖድካስት አለ፤ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ምን እንዳደረጉበት ሰዎችን ይጠይቃሉ። እኔ የጀመርኩት ጫማ ጠራጊ ከነበረው መምህር ነው፤ እናንተም ከእሱ ጀምሩ። ሊንኩ ቻናላችን ላይ አለ።»

ከየትኛው ክፍል እንደሚጀመር መናገሩ ትልቅ ነገር ነው። «ፖድካስታቸውን ስሙ» ሲባል ሰው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ጮክ ብላችሁ አንብቡና በስልክ ሰዓት ለኩት፤ ከ30 ሰከንድ ካለፈ ቁረጡ።

ጅማ ላይ ደግሞ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ዕድል አለ። ከተማው በአማርኛም በኦሮምኛም ነው የሚያወራው፤ ብዙ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን ያመላልሳል። በኦሮምኛ የሚያዘጋጅ ጓደኛ ፈልጉ። አንድ እንግዳ፣ አንድ ጠዋት፣ ሁለት ቅጂ። እኛ በአማርኛ አንድ ሰዓት እንቀዳለን፤ ቡና ይጠጣል፤ ከዚያ እሱ በኦሮምኛ ይቀጥላል። ጥያቄዎቹን ለየብቻ እናዘጋጃለን፤ ትርጉም እንዳይሆን። እንግዳው ሁለቱንም ለሰዎቹ ይልካል። ሁለታችንም አንዳችን የሌላውን አድማጭ አንሻማም፤ ቤተሰቡ ውስጥ አያት አንዱን ትሰማለች፣ የልጅ ልጅ ሌላውን።

ሰባተኛ፦ ተቋማት፣ ደብዳቤና ትዕግሥት

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የተመሠረተ ነው። ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ በመላክ በሚያስተምርበት መንገድ ይታወቃል። ስለዚህ ከቀበሌ ቀበሌ ዞረው ያዩትን የሚነግሯችሁ ተማሪዎችና መምህራን ሞልተዋል። ተማሪው ከየክልሉ የመጣ ነው። እዚህ የሰማውን ለእረፍት ሲሄድ ይዞት ይሄዳል። ከአንድ የተማሪ ክበብ ጋር ብትስማሙ በዓመት ብዙ ከተማ ትደርሳላችሁ። ለክበቡ ምን ትሰጣላችሁ? የ2 ሰዓት የቀረጻና የኤዲት ሥልጠና በነፃ። እኛ ይህን አድርገን ሁለት ጎበዝ ረዳት አግኝተናል።

ከሬዲዮ ጋር ስትነጋገሩ ሥራ አትጨምሩባቸው። ዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ሬዲዮ አለው፤ ከተማው ውስጥ ሌላም ኤፍኤም አለ። 40 ደቂቃውን አምጥታችሁ «ተጠቀሙበት» ብትሉ ማን ይቆርጠዋል? ከውስጡ የተሟላ 8 ደቂቃ አዘጋጁ፤ መግቢያና መውጫ ያለው፣ የፖድካስቱ ስም አንዴ የሚጠራበት። አስተያየት ሲሰጡ ደግሞ ቶሎ አስተካክላችሁ መልሱ።

መሥሪያ ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት «ከየት ነው የመጣችሁት?» ነው። አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ማን እንደሆናችሁ፣ ማንን ማናገር እንደፈለጋችሁ፣ በምን ጉዳይ፣ ስንት ደቂቃ፣ የት እንደሚወጣ፣ ስልካችሁ። ከክበብ ወይም ከማኅበር ጋር የምትሠሩ ከሆነ የእነሱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነገሩን ያቀልላችኋል። ደብዳቤውን ለመዝገብ ቤት አስገቡና የገባበትን ቁጥር ተቀበሉ። አንድ ቦታ ለጥበቃ ሰጥተን ተመለስን፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንሄድ ማንም አላየውም። እንደገና ጽፈን መዝገብ ቤት ስናስገባ በአምስተኛው ቀን ተደወለልን። ቁጥሩ ካላችሁ «የት ደረሰ?» ማለት ትችላላችሁ።

ቡና ቤቶችና ሱቆች ቀላል ናቸው። ባለቤቱን ጠዋት ሰው ሳይበዛ አናግሩ። እናንተ በክፍላችሁ ቤቱን ታነሣላችሁ፤ እሱ ግድግዳው ላይ ትንሽ ወረቀት ያስለጥፋል። ወረቀቱ ላይ የክፍሉ ስም፣ አንድ ጥያቄ እና ወደ ቴሌግራም የሚያስገባ ኪውአር ኮድ ይኑር። ፎቶ ኮፒ ቤት በጥቂት ብር ታተሙታላችሁ። ወረቀቱን በየወሩ ቀይሩት፤ የደበዘዘ ወረቀት ማንም አያነብም። ሚሞሪ የሚጭኑትን ልጆችም አትርሱ። አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ፋይሉን ስጧቸው። ኢንተርኔት የማይከፍት ገበሬ ዘፈን ሊያስጭን ሲመጣ የእናንተንም ይጭኑለታል።

ስምንተኛ፦ ስምምነቱን ጻፉ፤ ሰዓቱን ለዩ

ወዳጅነት ስለሆነ ወረቀት አያስፈልግም አትበሉ። አንድ የቴሌግራም መልእክትም ይበቃል። ማን ምን ያደርጋል፣ መቼ፣ ቀረጻው የማን ነው፣ ስፖንሰር ቢመጣ ገንዘቡ እንዴት ይከፈላል፣ መቼ ያበቃል። ሁለቱም «ተስማምቻለሁ» ብለው ይመልሱ። የተጣሉ ወዳጆች አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ የተጣሉት ስላልተነጋገሩበት 2,000 ብር ነው።

ሰዓት ትልቅ ጣጣ ነው። ውጭ አገር ካለ የጅማ ልጅ ጋር ቀጠሮ ስትይዙ «2 ሰዓት» ብቻ አትበሉ። የእኛ ማታ 2 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ማታ 8 ነው፤ ያውም በኢትዮጵያ። ዋሽንግተን ዲሲ ከእኛ በክረምታቸው በ8 ሰዓት፣ በበጋቸው በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ «ቅዳሜ፣ በኢትዮጵያ ማታ 2 ሰዓት፣ በእናንተ ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ይህ በበጋቸው ነው፤ በክረምታቸው ቀትር ላይ ይሆናል። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡ።

ዘጠነኛ፦ ማን እንዳመጣላችሁ እወቁ

ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ ከአንድ በላይ የመጋበዣ ሊንክ መፍጠር ትችላላችሁ። ለእያንዳንዱ አጋር የራሱን ሊንክ ስጡና ስም አውጡለት፦ «ቡና ቤት»፣ «ክበብ»፣ «ኦሮምኛ»። በየሊንኩ ስንት ሰው እንደገባ ያሳያችኋል። ስፖቲፋይ ደግሞ አድማጭ የትኛው ደቂቃ ላይ እንደሚወጣ ያሳያል። ልውውጥ ካደረጋችሁ በኋላ ለ4 ሳምንት ተከታተሉ። የገባውን ሰው ብቻ አትቁጠሩ፤ ቀጣዩን ሦስት ክፍል ማን ሰማ የሚለውን እዩ።

ካልሠራ ያለ ቅሬታ አመስግናችሁ አቁሙ። ግንኙነቱ ይቆይ፤ የቆመው ልውውጡ ብቻ ነው። ከሠራ ደግሞ ቁጥሩን ለአጋራችሁ ንገሩት። «በአንተ በኩል 40 ሰው መጥቶልናል፣ እናመሰግናለን» ሲባል ሰው ይበረታል። ተከታይ የሚሸጡ ሰዎች ይመጡባችኋል። አትግዙ። የተገዛ ቁጥር አይሰማም፣ ለሌላ ሰውም አይልክም። አጋራችሁም ሲያውቅ ያፍርባችኋል።

አሥረኛ፦ የዓመቱን ቀን መቁጠሪያ ያዙ

ደብተራችሁ መጨረሻ ላይ የእንግዶቻችሁንና የአጋሮቻችሁን በዓላት ጻፉ። ኢድ፣ አረፋ፣ መስቀል፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ኢሬቻ። ጅማና አካባቢዋ ላይ ከእንግዶቻችሁ ብዙዎቹ ሙስሊም ናቸው። በኢድ ጠዋት ደውሉ። የተጻፈ መልእክት ለሁሉም አትበትኑ፤ ድምፃችሁን ይስሙ። ስለ ፖድካስት አታንሡ። እነሱ ያነሡታል።

በረመዳን ከሰዓት በኋላ ቀረጻ አትያዙ፤ የጾመ ሰው ጉሮሮው ይደርቃል። ጠዋት ላይ፣ ወይም ከአፍጥር በኋላ አድርጉት። አርብ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ቀጠሮ አይያዝም። በዐቢይ ጾም ኦርቶዶክስ እንግዳ ካላችሁ የምታቀርቡትን ቡና ቁርስ አስቡበት፤ ቆሎና ፈንዲሻ ሁሉንም ያስማማል። የምትለቁበትንም ሰዓት ቀይሩ። እኛ በረመዳን ሐሙስን ትተን ረቡዕ ከአፍጥር በኋላ እንለቃለን። ሰው በልቶ፣ ሰግዶ፣ ጀበናው ዳር ሲቀመጥ ስልኩን ያነሣል።